ጠዋትን የተማርኩበት በጋ

ሰላም ወዳጆች። ተራራው መንደር ከገባሁ ሦስት ወር ሞላኝ። የመጣሁት በጋውን እዚህ ለማሳለፍ፣ የእግር ጉዞም ለመልመድ ነው። እናንተም ገና እየጀመራችሁ ስለሆነ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ካሰፈርኩት የሚጠቅመውን ላካፍላችሁ።

መንደሩ ያለው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። አጭር ደረጃ ወጥቼ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ሌሊት እንቅልፌ ይቆራረጣል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ ዳገት የሚባል ነገር አልሞከርኩም። መንደሩን ዞርኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ከጎረቤት ጋር ተዋወቅሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የበጀኝ ያ ሳምንት ነው።

ከዚያ አንድ መንገድ መረጥኩ። ከቤቴ እስከ ሸንተረሩ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ 600 ሜትር ያስወጣል። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰዓቴን የማስተያየው ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ካወጣው ስሌት ጋር ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዛላችሁ፤ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ትጨምራላችሁ። የእኔ መንገድ በዚህ ስሌት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ የፈጀብኝ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገባሁ።

ለውጡ የመጣው ግን በመፍጠን አይደለም። ድሮ ዳገቱን በሩጫ ጀምሬ በየመቶ ሜትሩ እቆም ነበር። አሁን እርምጃዬን አሳጥሬ፣ እያወራሁ መሄድ በምችልበት ፍጥነት እጀምራለሁ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቀስ እላለሁ እንጂ አልቆምም።

ቁልቁለቱን ንቄው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ። እግር ቁልቁል ሲወርድ ጫማ ውስጥ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር ያጋጫል። አሁን ከመውረዴ በፊት ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ ተረከዜን መሬት ላይ መታ መታ አደርግና ወደኋላ አስገባዋለሁ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ያለውን ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥፍሬም ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

ዋናውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከአንድ ከባድ ቀን ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየሁት ተዝናንቼ በ4 ሰዓት ወጣሁ። 8 ሰዓት ላይ ገና ሸንተረሩ ላይ ነበርኩ። ሰማዩ ጠቆረ፣ መብረቅ ብልጭ አለ። ነጎድጓዱ እስኪሰማኝ ቆጠርኩ፤ 12 ሰከንድ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። መብረቁ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ማለት ነው፤ ይህ በጣም ቅርብ ነው። ከሸንተረሩ በፍጥነት ወረድኩ፣ ለብቻው ከቆመው ዛፍም ራቅሁ። ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን እዚሁ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ደመና ወደ ጎን ሲሰፋ ብዙም አትፍሪው። እንደ ግንብ ወደ ላይ ሲቆም ግን ተመለሺ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ እየወጣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ደመና ይሆናል። ለዚህ ነው በበጋ ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ የሚበዛው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ12 ሰዓት እወጣለሁ፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ቤቴ ነኝ።

በጊዜ መመለሴ ሌላ ደስታ አመጣልኝ። ከሰዓት በኋላው የመንደሩ ሆነ። ልጆች ወንዝ ዳር ሲንቦራጨቁ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ እቀመጣለሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ለደከመ እግር እንደሱ የለም። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም እንዳትረሱ፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ምግብ ማብሰልም እንደ አዲስ ተምሬያለሁ። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላ ቢጣድ ቢጣድ አይበስልም። ማታ ዘፍዝፌ በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ጀመርኩ፤ ተገላገልኩ።

አመሻሽ ላይ የምወደው የወጥ ቤቱን መጋረጃ ማየት ነው። ቀን ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ስለሚነፍስ መጋረጃው ወደ ውስጥ ይነፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው መውረድ ሲጀምር ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይሳባል። ያኔ ሹራቤን ደርቤ ደጅ እወጣለሁ፤ ጎረቤቶቼም ይወጣሉ።

ትናንት አዛውንቱ ሸንተረሩ ድረስ አብረን እንሂድ አሉኝ። «ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ጠብቂኝ» ብለውኛል። ጫማዬን ጠርጌ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ።