የክብር ኮሚቴው እጅ የት ድረስ ነው?

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ፈተና ስትጨርስ «እርዳታ አልሰጠሁም፣ አልተቀበልኩም» ብላ ጽፋ ትፈርማለች። ወጉ የተጀመረው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጆን ዴቪስ የተባለ መምህር ግቢው ውስጥ በተማሪ ጥይት ከተገደለ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ይህን ቃል አፍርሷል የተባለን ተማሪ ጉዳይ የሚያየው የክብር ኮሚቴ ነው፤ ክሱን የሚመረምሩትም፣ የሚሟገቱትም፣ የሚፈርዱትም ተማሪዎች ናቸው። ሥልጣናቸው ግን ውሸት፣ ማጭበርበርና ስርቆት ላይ ያበቃል። ድብድብና ረብሻ የሌላ የተማሪዎች ኮሚቴ ሥራ ነው። ይሄ አጥር ደስ ይለኛል። ማን ምን ጠጣ፣ ምን ተናገረ እያለ የሚያድር ኮሚቴ ክብር ጠባቂ ሳይሆን ጆሮ ጠቢ ነው።

ቅጣቱ ግን አይዋጥልኝም ነበር። ለብዙ ዘመን ጥፋተኛ የተባለ ሁሉ ይባረር ነበር፤ ጥቂት መስመር የገለበጠም፣ ሙሉ ጽሑፍ የሰረቀም። የሃያ ዓመት ልጅ በእኩያው ላይ በር እስከ ወዲያኛው ይዝጋ? ኧረ በሕግ! በ2022 ተማሪዎቹ በድምፃቸው ማባረሩን በሁለት ሴሚስተር እገዳ ተኩት፤ በ2023 ደግሞ እንደ ጥፋቱ ክብደት የሚለያዩ ቅጣቶችን አጸደቁ።

አሁን ልጅቷ ኮሚቴው ውስጥ ልግባ ትላለች። «ከገባሽ አይቀር ለተከሳሾቹ ከሚቆሙት ጋር ሁኚ» አልኳት።

«አክስቴ፣ ጥፋተኛ ቢሆንስ?»

«ያኔማ የባሰ ሰው ያስፈልገዋል!»