ቀይ ብቻ አይበቃም

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ እማማ ስልካቸውን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው።" ፎርም ነው። "ላክ" የሚለውን ሲጫኑ ምንም የለም። ወደ ላይ ስስበው ከገጹ አናት ላይ፣ በደብዛዛ ቀይ፣ "ኢንቫሊድ ኢንፑት" ይላል፤ የሞላኸው ልክ አይደለም ማለቱ ነው። የቱ ነው ኢንቫሊዱ? ብዙ ከነካካሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ስልካቸው በ07 ይጀምራል፣ ፎርሙ ደግሞ የሚያውቀው 09ን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የሞሉት ሁሉ ጠፋ።

እኔም ዌብሳይት ሠሪ ነኝና አፈርኩ። መልእክቱ ከተሳሳተው ሳጥን ስር ይቀመጥ። ምን እንደሚስተካከልም ይናገር፦ "ስልክ ቁጥሩ በ09 ወይም በ07 ጀምሮ 10 አሃዝ ይሁን።" ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ስላለ ከቀለሙ ጋር ምልክት ይጨመር። ጽሑፉና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር (የብሩህነት ልዩነት) ይኑራቸው የሚለው የደብልዩሲኤጂ (ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ) መስፈርት ለቅንጦት አልተጻፈም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ እየጠበቀ ስልኩን የሚያይ የኛ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ደግሞ እባካችሁ፣ የተሞላውን አታጥፉ!

በሦስተኛው ሙከራ የልጃቸውን 09 ቁጥር አስገባን። አለፈ።