የአባት መስመር

በርገር ሲባል ዳቦና ሥጋ እንዳይታሰብ። በርገሮች በስሪ ላንካ የሚኖሩ የአውሮፓውያን ዝርያዎች ናቸው፤ ስማቸው ከደች (ከሆላንድ) ቋንቋ የመጣ ነው፤ የከተማ ሰው ማለት ነው። የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1656 ኮሎምቦን ከፖርቱጋሎች ከነጠቀ በኋላ በደሴቲቱ ሁለት ዓይነት አውሮፓዊ ይኖር ነበር፦ የኩባንያው ደሞዝተኛና በራሱ ሠርቶ የሚያድር ነጻ በርገር። በ1796 እንግሊዞች ሲገቡ ኩባንያው ለቀቀ፤ ስሙ ግን ለቀሩት ሁሉ ተረፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ የዘር ሐረጉ ነገር ነው። በ1830 አካባቢ ዋና ዳኛው ሪቻርድ ኦትሊ የሰጠው ፍቺ አጭር ነው፤ የአባት መስመሩ አውሮፓዊ፣ ጋብቻውም ሕጋዊ ከሆነ እናትየው ማንም ትሁን ልጁ በርገር ነው። በ1908 ኮሎምቦ ላይ የተቋቋመው የደች በርገር ኅብረትም አባል የሚቀበለው በአባት መስመር ነበር፤ በመጽሔቱም የቤተሰቦችን ሐረግ ያትም ጀመር።

የሐረግ ፍለጋው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከወላጆች ጋብቻ ተነሥቶ የአያት፣ የቅድመ አያት ጥምቀት ይፈለጋል፤ ለኮሎምቦ ቤተሰብ ዋናው መዝገብ የቮልቨንዳል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ሆላንድ፣ ዘ ሄግ ከተማ የተቀመጠው የኩባንያው የመርከብ ደሞዝ መዝገብ አለ፤ የሰውየውን አገር፣ መርከቡንና የተሳፈረበትን ዓመት ይናገራል። «ደች» የተባለው አባት ጀርመናዊ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ስም የሚጽፉት እንደሰሙት ስለነበር አንድ ቤተሰብ በሦስት አጻጻፍ ይመጣል። ለልጆች የአያታቸው ስም ስለሚወጣላቸውም የአጎት ልጆች እርስ በርስ ይምታታሉ፤ ያን ጊዜ የክርስትና አባትና እናት ስም ታይቶ ይለያል።

እናቶቹስ? ከአውሮፓ የሚመጡ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ብዙዎቹ ወንዶች እዚያው የተወለዱትን ነው ያገቡት። በብዙ ቤት የሚነገረውም ደች ሳይሆን የፖርቱጋልኛ ክሪዮል፣ ማለትም ፖርቱጋልኛ ከአገሬው ቋንቋ ጋር ተደባልቆ የወጣ ቋንቋ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ሐረጉ ላይ የክርስትና ስም ብቻ አላቸው፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው።

በ1956 ሲንሃላ ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታልና በመንግሥት ቢሮ በእንግሊዝኛ ሲሠሩ የኖሩት በርገሮች መሬቱ ከዳቸው። ብዙዎቹ ወደ አውስትራሊያ፣ በተለይም ወደ ሜልበርን ተሻገሩ። አውስትራሊያ ደግሞ ያኔ በሯን የምትከፍተው ለነጭ ነው፤ የዘራቸው ሦስት አራተኛ አውሮፓዊ መሆኑን ማሳየት ነበረባቸው፣ መልካቸውም ይታያል። ለማኅበር መግቢያ የተጠናቀረው ሐረግ የጉዞ ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ነገር ግን ሦስት አራተኛ ሲሰላ የአባት መስመር ብቻውን አያወጣም፤ የተዘለሉት ሴቶች ቁጥር ውስጥ ይገባሉ።

በስሪ ላንካ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ባቲካሎዋ ያሉት የፖርቱጋል በርገሮች፣ ካቶሊኮቹ አናጺዎች፣ አንጥረኞችና ልብስ ሰፊዎች፣ እንዲህ ያለ የታተመ ሐረግ አልነበራቸውም። ዛሬም ክሪዮሉን የሚናገሩ ሽማግሌዎች በተለይ የሚገኙት እዚያ ነው።