ዶሳን እንደ እንጀራ ሲጋግሩት

በሕንዷ ባንጋሎር ከተማ ዳርሺኒ የሚባሉ፣ ሰው ቆሞ ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራው የሚሮጥባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር አንዲት ኢትዮጵያዊት መንገደኛ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገረውን ስስ ቂጣ፣ ዶሳን፣ ከሚጋግረው ሰው ጎን ቆማ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ሊጡ ኩፍ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ምጣዱ የጋለ ብረት፤ የለመደችው ሥራ መሰላት። ሰልፉ ሲረዝም ግን ዶሳዎቹ ከጭልፋው ጋር እየተጠቀለሉ ተቀደዱ፤ የተረፉትም ለስልሰው ቀሩ።

ዋናው ጥፋት ሙቀቱ ላይ ነበር። እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ ምጣዱ በደንብ መጋል አለበት። ዶሳ ግን የሚሰፋው ሊጡ ምጣዱ ላይ ካረፈ በኋላ በጭልፋ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ ሳይረጋ መቆየት ይኖርበታል። ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ሊጡ ወዲያው ይይዛል፤ ጭልፋው ሲዞር ይዞት ይነሳል። ባለሙያዎቹ በእያንዳንዱ ዙር ውኃ ረጭተው በአጭር መጥረጊያ ጠራርገው የሚያወጡት ለዚህ ነው። ውኃው ሙቀቱን ያበርዳል፣ ትርፍ ዘይቱንም ይወስዳል። ቤት ውስጥ በግማሽ ቀይ ሽንኩርት ማሸት ይበቃል። የረጩት ጠብታ ጭስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ልክ ነው፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ገና መብረድ አለበት። ከተሰፋ በኋላ እሳቱ መልሶ ይጨመራል።

እጇም የለመደውን ሠራ፤ ከዳር ጀምራ ወደ መሐል አዞረች። ዶሳ መሐል ላይ አንድ ጭልፋ ተደፍቶ፣ ሳይጫኑ፣ ሳያቋርጡ ወደ ዳር ይሰፋል። ክፍተት ቢቀር እንኳ ተመልሶ መንካት አይገባም፤ የያዘው ሊጥ ይቀደዳል። ከዚያ ከደነችው። እንጀራ በእንፋሎት ይበስላል፤ ስስ ዶሳ ግን የሚንኮሻኮሸው እርጥበቱ ሲወጣለት ስለሆነ ሳይከደን፣ ዳር ዳሩን ዘይት ወይም የነጠረ ቅቤ ጠብ እየተደረገበት ይበስላል። ጠርዙ በራሱ ሲነሳ ደርሷል። ስስ ከሆነ አይገለበጥም።

ሊጡንም በውኃ አቅጥና በኃይል አማስላው ስለነበር የያዘው አየር ወጥቷል። ጋጋሪው ከሌላ ዕቃ ወፍራም ሊጥ ጨምሮበት አዳነው።

ይህን ሊጥ ራሱን ማወቅ ዶሳን ከመብላት ይበልጣል። ለ4 ኩባያ ሩዝ 1 ኩባያ የተላጠ ኡራድ ይበቃል፤ ኡራድ ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ጥራጥሬ ነው። ከኡራዱ ጋር 1 የሻይ ማንኪያ አብሽ ይጨመራል። ሩዙና ኡራዱ ለየብቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፤ ለየብቻም ይፈጫሉ። አንድ ላይ የፈጨ ሰው ሩዙን ሲያደቅ ኡራዱን ከልክ በላይ ያሞቀዋል፣ ወይም ኡራዱን ሳያስነሳው ይቀራል። ኡራዱ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት፣ ጠብታው ውኃ ላይ እስኪንሳፈፍ ይፈጫል፤ አየሩን የሚይዘው እሱ ነው። ሩዙ ትንሽ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በእጅ ይደባለቃሉ።

እርሾ አይገባበትም፤ የሚያቦኩት ከእህሉ ጋር የሚመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ባንጋሎር ከፍታ ላይ ስለሆነች የታኅሣሥ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ሊጡ ይዘገያል፤ የውስጥ አምፖሉ ብቻ የበራበት የተዘጋ ኦቭን ውስጥ ማሳደር ይረዳል። ዕቃው ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ሌሊት ገንፍሎ ይፈሳል።

ከልክ በላይ የኮመጠጠ ሊጥም አይደፋም። ወፍራሙን እንዳለ አፍስሰው፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ክትፍ ሸፍነው ኡታፓም የሚባል ቂጣ ያደርጉታል። እሱ ወፍራም ስለሆነ ይከደናል፣ ይገለበጣልም።