ደቻቱ ከየት ነው ሚመጣው? ደንገጎ ወጥቼ ያየሁት

ደቻቱ ድሬዳዋን መሃል ለመሃል ሚያቋርጣት ወንዝ ነው፣ ድሬ ያደገ ሰው ግን ደቻቱ ሲባል አሸዋ ነው ሚታየው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ስንሻገር አሸዋውን በእግራችን አቋርጠን ነው ምንሄደው። ግን የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ያን አሸዋ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፣ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው፣ ከኛ ሰፈርም የሄዱ አሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ትልልቆቹ «ውሃው ከላይ ነው የመጣው» ሲሉ እሰማለሁ፣ ላይ የት እንደሆነ ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሄድኩ። ያክስቴ ልጅ ደንገጎ አካባቢ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ሆኖ ነው ሚሠራው፣ ና ላሳይህ ሲለኝ ከርሟል። ጠዋት የሐረር ሚኒባስ ያዝኩና ያን ጥምዝምዝ ዳገት ወጣን፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት ደንገጎ ደሞ 2,000 ይደርሳል፣ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ሙቀቱ እዛው ታች ይቀራል። ድሮ ባቡሩ ሐረር ያልደረሰው በዚሁ ዳገት ምክንያት ነው እኮ፣ ድሬም የተቆረቆረችው ለዚያ ነው።

ዘመዴ መጀመሪያ የወሰደኝ ሸንተረሩ ላይ ነው። በዚህ በኩል የወደቀ ዝናብ በደቻቱ አድርጎ ወደ ድሬ ይወርዳል፣ በዛኛው በኩል የወደቀው ደሞ ወደ ሐረማያና ወደ ዋቢ ሸበሌ በኩል ይሄዳል አለኝ። ቁልቁል ሳይ ከተማችን በጭጋግ ውስጥ ትታያለች፣ ከሥሬ ያለው ተዳፋት ግን ራሰ በራ ነው፣ ቦረቦሩ ሰው ቆሞ ይውጣል። ዛፉ አልቋል፣ አፈሩ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል፣ ዶፍ ሲወርድበት ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ አፈሩን ጠርጎ እየተሰበሰበ ይወርዳል። እና ዛፉ የት ሄደ ስል ከሰል ሆኖ እኛው ጋ ነው የመጣው፣ ቤታችን ቡና ስናፈላ ስንት ዓመት ከዚህ የመጣ ከሰል አንድደናል። ይሄን ሳስበው አመመኝ።

ትንሽ ወረድ ብሎ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ኮረብታዎች ናቸው። አንዱ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በክረምት በዘመቻ ችግኝ ተክሎበት ነበር፣ ባነር ተሰቅሎ ፎቶ ተነስተው ሄዱ፣ ከዛ ፍየል ገባበት፣ አሁን ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው። ሌላኛው ላይ ማንም ምንም አልተከለም፣ የቀበሌው ሰው ተስማምቶ ከብት እንዳይገባ ከለከለው በቃ፣ ሣሩን ግን በተራ እያጨዱ ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ። ግራሩ ራሱ ከጉቶው አቆጥቁጦ በቅሎ ቁመቴን አልፏል! ችግኝ አትትከሉ እያልኩ አይደለም፣ ሚጠብቀው ከሌለ ግን ለምን ይለፋል።

እርከን ያለበት እርሻ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን፣ ገና ሳንቀመጥ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) በወተት አስመጡልን። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን ነው ያወራነው። እርከኑን መጀመሪያ አልፈለጉትም ነበር። «ኢልመ ኮ (ልጄ)፣ መሬቴ ግማሽ ሄክታር አትሞላም፣ እሷን ደግሞ ድንጋይ ሊበላብኝ ነው፣ ድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ዳገቱ በከበደ ቁጥር እርከኑ ይቀራረባልና ሚወስደው መሬት ይበዛል፣ ይሄን ገበሬው ሲናገር ሰነፍ የሚሉት ሰዎች ያናድዱኛል። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ስብሰባ አይደለም፣ ሣር ነው። እርከኑ ጠርዝ ላይ ዴሾና ዝሆኔ ሣር ተተከለ፣ ሥሩ ድንጋዩን ያዘ፣ ሣሩ ደሞ ለሰንጋ ሆነ።

የሐረር ሰንጋ ዝም ብሎ ስም አላወጣም። በሬው ግጦሽ አይሰማራም፣ ቤት ታስሮ በእጅ ነው ሚጎረሰው። ማሽላውን ሆን ብለው አብዝተው ይዘሩታል፣ ክረምት ላይ ሲበቅል እየሳሱ የተነቀለውን ለበሬው ይሰጣሉ፣ በኋላ ደሞ ቅጠሉን ከታች ከታች እየሸመጠጡ። ፋንድያው ተመልሶ እርሻው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አሁን ዝናብ ድንጋዩን ሲያፈርስባቸው ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ራሳቸው ይክባሉ። ከእርከኑ በላይ የተጠራቀመውን አፈር በዘንጋቸው ወግተው አሳዩኝ፣ ዘንጉ እስከ ግማሹ ገባ፣ እዛ ጋ ያለው ማሽላ ከሌላው በክንድ ይበልጣል።

ከሰዓት ሐረማያ ደረስን። ሐይቁ 1990ዎቹ ውስጥ ደርቆ ከብት ሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር፣ አሁን ግን ውሃ አለው፣ ጀልባም አየሁ፣ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። ያኔ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተሳበ፣ ሐረርም ከሱ ነበር ምትጠጣው፣ ከዙሪያው የታጠበው አፈር ደሞ ሞላው። ሲደርቅ ሐረር ከድሬ በኩል ያን ሁሉ ዳገት ወደ ላይ በሚገፋ ውሃ መኖር ጀመረች፣ አስቡት። ብዙ ሰው ጫት ይነቀል ይላል፣ እኔ ግን አልልም፣ የገበሬው ዓመታዊ ገቢ እሱ ነው፣ በረድፍ ተተክሎ መሃሉ ማሽላ ከተዘራበት አፈር ይይዛል፣ መለኪያ ሚያስፈልገው ፓምፑ ነው።

ማታ ስመለስ ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው፣ ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩና ደህና ይደሩ ልላቸው ስል «ደቻቱ ዘንድሮ መጥቶ ነበር ወይ?» አሉኝ። መጥቶ ነበር፣ ግን ሰው አልነካም አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ጥር ላይ ሥራ ስለሚቀል የላይኛውን ተዳፋት ሊቆፍሩ ነው፣ እኔም እመጣለሁ አልኳቸው፣ ዶማ ግን እዚህ አይበቃም፣ የራስህን ይዘህ ና ብለውኛል። ከሰፈር ሁለት ጓደኞቼም እሺ ብለዋል።