አንዲት ነርስ፣ ሁለት ስም

ሪያድ ላለ አንድ የግል ሆስፒታል የዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ነርሶች ከማኒላ ሲቀጠሩ የሆነ ነው። ብዙ ሰው የነርስ ፋይል የሚወድቀው በፈተና ወይም በልምድ ማነስ ይመስለዋል። ይቺን ነርስ ያስቀራት ስሟ ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ምንም አልጎደላትም ነበር። ኢንተርቪውን አልፋለች፣ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የሙያ ፈተና አልፋለች፣ የዳያሊሲስ ልምዷም ከተጠየቀው በላይ ነው። የሆስፒታሉን የቅጥር ጥያቄ ሪያድ ያለው የፊሊፒንስ ስደተኛ ሠራተኞች ቢሮ አረጋግጦታል፤ ያለዚያ ማኒላ ያለው ኤጀንሲ ለሆስፒታሉ ሰው መመልመል አይችልም። አሠሪ ኤጀንሲውን ዘሎ በቀጥታ ልቅጠር ቢል ደግሞ የፊሊፒንስ ሕግ ይከለክለዋል። የቀረው ዳታፍሎው የሚባለው ማስረጃ አጣሪ ድርጅት ነበር። ዳታፍሎው ወረቀቱን አይቶ አያምንም፤ ዲፕሎማውን ትምህርት ቤቱን፣ ፈቃዱን የሙያ ቁጥጥር ኮሚሽኑን፣ የልምድ ደብዳቤውን የቀድሞ አሠሪዋን ራሱ ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃዋ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ተብሎ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ በዚህ ስም የተመረቀ ሰው የለም ብሏላ!

የፊሊፒንስ ስም እንዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ማሪያ ሳንቶስ ሬየስ የምትባል ሴት አለች እንበል። ሳንቶስ የእናቷ ቤተሰብ ስም ነው፣ ሬየስ የአባቷ። ክሩዝ የሚባል ሰው አግብታ የባሏን ስም ከወሰደች የእናቷ ስም ይወጣል፣ የአባቷ ወደ መሃል ይገባል፣ የባሏ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ማሪያ ሬየስ ክሩዝ ትሆናለች። ዲፕሎማዋ በልጅነት ስሟ እንደ ወጣ ይቀራል። ሕጉ የባሏን ስም እንድትይዝ ፈቀደላት እንጂ ስላላስገደዳት፣ አንዷ ፓስፖርቷን ብቻ ታስቀይራለች፣ ሌላዋ የሙያ ፈቃዷንም ጨምራ፣ አንዳንዷ ምንም ሳትነካ ትኖራለች። በእኛም በዐረቦቹም ዘንድ ሴት አገባች ብላ የአባቷን ስም አትጥልም። የሳዑዲው ቅጽ ደግሞ ለአባትና ለአያት የተሠራ ስለሆነ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው የእናቷን ቤተሰብ ስም አያት አድርጎ ይጽፈዋል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት ሴት ቢያይ አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት አስረድተውት አልሰማም ሲል ነው።

የሆስፒታሉ የማስረጃ ክፍል ኃላፊ በስልክ ስብሰባው ላይ፣ «ዲፕሎማው የአንዷ ነው፣ ፓስፖርቱ የሌላዋ። ፋይሉን ዝጉት» አለ።

ከማኒላ በኩል የነበረችው የኤጀንሲው ሴትዮ በዚህ ሥራ ያረጀች ናት። «ጌታዬ፣ ባል አግብታ ነው እኮ» አለች።

«ብታገባስ? የእኔ ሚስት ስታገባኝ ስሟ ተለወጠ?»

መስመሩ ጸጥ አለ። «ባለቤትዎ ማኒላ አልተወለዱም፣ ጌታዬ» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ሁለቱንም ስም ይዟል። ዛሬ ልልክልዎ እችላለሁ።»

ኃላፊው የጠየቀው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በአዲሱ ስሟ ደብዳቤ እንዲጽፍላት። ትምህርት ቤት የማያውቀውን ስም ከየት አምጥቶ ይጽፋል? መድኃኒቱ ሴትዮዋ ያለችው ነበር፦ የፊሊፒንስ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን የሚሰጠው የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው አፖስቲል (ሰነዱ ውጭ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚደረግ ማረጋገጫ) ተደርጎበት፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ከሚገልጽ የቃለ መሐላ ጽሑፍ ጋር ለዳታፍሎው ማስገባት። ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ያልተያያዘው ኃላፊው ባዘጋጀው የሰነድ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ነው።

ኃላፊው እስኪስማማ ሳምንታት ሄዱ፤ ለቦታው የተያዘው ቪዛ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ነርሷ ደግሞ የቅጥር ደብዳቤውን ተማምና ከነበረችበት ሥራ መልቀቂያ አስገብታ ነበር። በፊሊፒንስ የሥራ ሕግ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ እሱ ሲያልቅ ደመወዟም አብሮ ቆመ። በቦታዋ ሌላ ሰው ስለተቀጠረ መመለሻ አልነበራትም። ሆስፒታሉ ያጣው አንድ ነርስ ነው፤ እሷ ያጣችው እንጀራዋን ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተቀይሯል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት በኢንተርቪው ቀን ከፓስፖርት ጋር አብሮ ይጠየቃል። ውሉ ላይ፣ ቪዛው ላይና የሕክምና ምርመራው ላይ የሚጻፈው የፓስፖርቱ ስም በፊደሉ ሳይዛነፍ ነው። ዳታፍሎው ሁሉንም አረጋግጦ ሳይመለስ «መልቀቂያ አስገቢ» የሚላት ሰው የለም፤ ይህኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ኃላፊው አዲሱን ዝርዝር በራሱ ፊርማ አውጥቶታል። ለነርሷ ግን አንዲት የይቅርታ መስመር አልጻፈላትም።

ዝርዝሩም ቢሆን ግማሹን ነው የሚፈታው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ የፊሊፒንስ ፓስፖርት ሕግ፣ ያገባች ሴት በፓስፖርቷ ላይ ወደ ልጅነት ስሟ አንድ ጊዜ እንድትመለስ ፈቅዷል። በፊት ይህን የምታገኘው ባሏ ሲሞት ወይም ጋብቻው በሕግ ሲፈርስ ነበር፤ ፍቺ ደግሞ እዚያ አገር ከሙስሊሞች በቀር ለሌላው በሕግ የለም። ስለዚህ ከባሏ ተለያይታ የምትኖር ሴት ፓስፖርቷን ወደ ልጅነት ስሟ መልሳ፣ የሙያ ፈቃዷና የልምድ ደብዳቤዋ በባሏ ስም እንደሆኑ ልትመጣ ትችላለች። ልዩነቱ ተገልብጦ ይመጣል ማለት ነው፤ ዲፕሎማዋ ከፓስፖርቷ ጋር ይገጥማል፣ ፈቃዷ አይገጥምም። ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ዲፕሎማዋን ብቻ አይቶ «ገጥሟል» ካለ ያመልጠዋል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የመሃል ስሟን ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያይ፤ ያልገጠመ ካለ፣ «አላገባሁም» ብላ ቅጽ የሞላችም ብትሆን፣ የጋብቻ ወረቀቱን ያኔውኑ ይጠይቃት።