1,352 ያልኩት ርቀት 383 ሆኖ ተገኘ

የአየር ርቀት በእጅ ማስላት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እስካሁን የአገር ውስጥ ከተሞችን ነበር የምሠራው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው ብዬ የኬክሮሱን (የሰሜን-ደቡቡን) እና የኬንትሮሱን (የምሥራቅ-ምዕራቡን) ልዩነት አባዛና በፓይታጎረስ እጨርሳለሁ። ከቦሌ ድሬዳዋ 347 ወጣልኝ፤ ትክክለኛው 343 ገደማ ነው። አራት ኪሎ ሜትር ምን አላት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሰሞኑን ግን ጠንከር ያለ ልሞክር ብዬ ካናዳ ጫፍ ወጣሁ። ኑናቩት በሚባለው ሰሜናዊ ግዛት ውስጥ ያሉ ሁለት የኢኑይት (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መንደሮች ናቸው፤ ሬዞሉትና ግሪስ ፊዮርድ። በ2021 ቆጠራ 183 እና 144 ነዋሪ ነበራቸው። ሁለቱ ተደምረው የኛን ሰፈር እድር አይሞሉም! ኢኑይቶቹ ሬዞሉትን "የማይነጋበት"፣ ግሪስ ፊዮርድን "የማይቀልጥበት" ይሏቸዋል። ወደውም አልሄዱ፤ የካናዳ መንግሥት ነው ከ1953 ጀምሮ ቤተሰቦችን ወስዶ ያሰፈራቸው። ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። ኬክሮሳቸው 74.72 እና 76.43 ነው። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 12.06 ዲግሪ ይሆናል። በለመድኩት መንገድ አባዛሁ፣ 1,352 ኪሎ ሜትር። እዚያ የሚበረው ትዊን ኦተር የሚባል ትንሽ አውሮፕላን በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። አምስት ሰዓት ሊጠጋ ነው ማለት ነው። በካርታ ላይ ደግሞ ጎረቤት ናቸው። አልዋጥልህ አለኝ።

የገባኝ ብርቱካን ስልጥ ነው። ክፋዮቹ ወገባቸው ላይ ሰፊ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ግን ተሰብስበው ይገናኛሉ። የኬንትሮስ መስመርም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ዲግሪና በቀጣዩ መካከል 110 ኪሎ ሜትር አለ፤ ግሪስ ፊዮርድ ላይ 26 ብቻ! የኬንትሮሱን ልዩነት በኬክሮሱ ኮሳይን ማባዛት ነበረብኝ። ድሬዳዋ ላይ ያልተቀጣሁት ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው እንጂ ስለጎበዝኩ አይደለም።

ከዚያ የሃቨርሳይንን ቀመር፣ ማለትም በክብ ምድር ላይ ርቀት የሚሰላበትን፣ ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። ውጤቱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ! ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ሊያደርስ ምንም አልቀረውም። ኤክሴል ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላው በሬዲያን (በሌላ የማዕዘን መለኪያ፤ 180 ዲግሪ ፓይ ሬዲያን ነው) ነው፤ እኔ ዲግሪውን እንዳለ አጉርሼው ኖሯል። ጀማሪዎች፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ስቀይረው 383 መጣ። በኦተሩ ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

አቅጣጫውንም አሰላሁት። ከሬዞሉት ሲነሱ ከሰሜን 55 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሲደርሱ 66 ሆኗል። ቀጥ ብለው እየበረሩ! እዚያ አካባቢ ኮምፓስ ስለማይታመን አብራሪዎቹ የሚጠቀሙት እውነተኛውን ሰሜን፣ ማለትም ወደ ምድር ሰሜናዊ ዋልታ የሚያመራውን ነው።

1,352ን ከደብተሬ አልፋቅኩትም። በቀይ ሰርዤ ከጎኑ "ብርቱካን" ብዬ ጽፌበታለሁ።